ዓባይ በረሃ ለቀይ ቀበሮ ስንት ሜትር ይጠልቃል?

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ የነበረ መንገደኛ ቁልቁለቱ ሲጀመር ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ጥቂት እንደተወረደ ሹራቡን ያወልቃል፤ ድልድዩ አጠገብ ሲደረስም፣ ቀደም ሲል «ንፋስ ይመታኛል» ብሎ ያዘጋውን መስኮት ራሱ ይከፍታል። ወዲያ ማዶ ዳገቱ አልቆ ደጀን ሲገባ ያው ጋቢ ተመልሶ ይፈለጋል። ባለፈው ጊዜ በዚሁ መንገድ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ወደ ገደሉ እያዩ «የደጋ በሬ እዚህ ወርዶ አይከርምም» አሉኝ። «ለምን ይሆን አባቴ?» ብዬ ብጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ «አገሩ አይደለማ!»

ይህ መልስ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። የዓባይ ገደል በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በአፋፉና በወንዙ ዳር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ስምንት ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው። አንድን የደጋ እንስሳ ከመሻገር የሚያግደው የገደሉ ጥልቀት ብቻውን አይደለም፤ ይህ ስምንት ዲግሪና ከእርሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ሌላ ሣር፣ ሌላ ዝንብ፣ ሌላ በሽታ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ደግሞ አጥሩ በቦታው ተተክሎ የቀረ አይደለም ማለት ነው። አንዲት ጠጠር ከቦታዋ ሳትነሣ፣ የአየሩ ሙቀት ስለተለወጠ ብቻ፣ ገደሉ ለአንዱ ፍጥረት ሊጠልቅ፣ ለሌላው ደግሞ ሊሞላ ይችላል።

ቋንቋችን ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ስንል የምንጠራው ከፍታን ሳይሆን አየርን ነው። ተማሪ ሳለን በየስሙ አጠገብ የሜትር ቁጥር እየጻፍን እናጠና ስለነበር ቁጥሩ የስሙ ፍቺ መስሎን አደግን እንጂ፣ አየሩ ሲለወጥ ስሙ ቦታውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ይህን አጉልቶ የሚያሳየው የቀይ ቀበሮ ታሪክ ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ይህ እንስሳ በዘሩ የተኩላ ወገን ነው። ቅድመ አያቶቹ ከዩራሲያ ወደ አፍሪካ ቀንድ የገቡት በበረዶው ዘመን፣ የዛሬ መቶ ሺህ ዓመት አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። በዚያ ዘመን ቅዝቃዜው ሲበረታ የባሌ ተራሮች አናት የበረዶ ግግር ይለብስ ነበር፤ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ ዛፍ የሚበቅልበት የመጨረሻው ከፍታም ከዛሬው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርድ ነበር። ዛሬ ከ3,000 ሜትር በላይ ካልወጣን የማናገኘው የጓሳ፣ የጅብራና የአይጥ ሜዳ ያኔ አሁን ገብስና ስንዴ የሚዘራበትን ሰፊ ደጋ ሸፍኖ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀይ ቀበሮ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ሲሄድ ብዙውን መንገድ የሚያቋርጠው በራሱ አገር ውስጥ ነበር።

የበረዶው ዘመን ካበቃ ወዲህ፣ ማለትም ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ደኑ ዳገቱን ወጣ፤ ውርጩም ወደየተራራው አናት ተሰብስቦ በቆላና በወይና ደጋ የተከበበ ደሴት ሆነ። ቀይ ቀበሮ አልሄደም፣ አልመጣም፤ በቆመበት አጥር ዙሪያውን በቀለበት። ዛሬ የሚገኘው በስሜን፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአርሲና በባሌ ብቻ ሲሆን፣ አዋቂዎቹ ሁሉ ተደምረው አምስት መቶ አይሞሉም። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ከስምጥ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ ያሉት ለብዙ ሺህ ዓመታት ስላልተገናኙ በዘረመላቸው ይለያያሉ፤ ማዕዳቸውም እንደዚሁ። የባሌው ቀበሮ ከባሌ በቀር በየትም የማይገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ያድናል፤ የስሜኑ ግን በትንንሽ አይጦች ያድራል። የፍልፈሉ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ባሌ ውስጥ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሐበራ በተባለ የድንጋይ ጥላ ሥር የተደረገና በ2019 ይፋ የሆነ ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች ይህንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። በረዶው በአቅራቢያቸው ሳለ እነርሱም በፍልፈል ከቀበሮው ጋር ተሻምተዋል ማለት ነው።

ዋልያም የዚህ ታሪክ ዘመድ ነው። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ፣ በምድረ በዳ ተራሮች ላይ ከሚኖረው የኑቢያ የተራራ ፍየል ጋር የቅርብ ሥጋ ዝምድና አለው፤ ቅድመ አያቶቹ የመጡበት የሰሜኑ መንገድ ከኋላቸው ተዘግቶ ስሜን ላይ ቀሩ። በአንጻሩ የደጋ አጋዘን የሚገኘው ከስምጥ ሸለቆ ወዲያ፣ በአርሲ፣ በባሌና በአካባቢው ብቻ ነው። አንድ ሸለቆ ሁለቱንም ለየብቻ ጠብቆ አቆያቸው።

«አገሩ አይደለማ» ያሉኝ አባት ሳያውቁት የተናገሩትን፣ አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዳንኤል ጃንዘን በ1967 በሰፊው ጽፎታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በቀዝቃዛው የዓለም ክፍል ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት በበጋ ሙቀቱን፣ በክረምት ውርጩን ስለሚያይ፣ ተራራ ላይ የሚያገኘው ብርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ የለመደው ብርድ ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን በአንድ ከፍታ ላይ ያለው ሙቀት በጥርና በሐምሌ መካከል ብዙም አይለያይም። ስለዚህ የእኛ አገር ፍጥረት የለመደው ሙቀት ጠባብ ነው፤ ጥቂት መቶ ሜትር መውጣት ወይም መውረድ ለእርሱ ባዕድ አገር መግባት ነው። ተራራው በሜትር እኩል ቢሆንም፣ በኑሮ ሲለካ የእኛው ይበልጥ ይረዝማል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተጋነነ መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም በጋቢውና በመስኮቱ በኩል ሳስበው ነገሩ ገባኝ።

ጠባብ ሙቀት የለመደ ፍጥረት በትንሽ የሙቀት ለውጥም ይበልጥ ይጎዳል። አየሩ በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ፣ ያንኑ የቀድሞ ቅዝቃዜ ለማግኘት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ፣ መቶ ሃምሳ ሜትር የወጣ ፍጥረት ያጣው መሬት ካገኘው ይበልጣል።

እዚህ ላይ አጥር የሚለውን ቃል ራሱ መጠራጠር እጀምራለሁ፤ አጥር ለሁሉም እኩል ይዘጋል፤ ሙቀት ግን ወንፊት ነው። ከዚህ አንጻር የባሌው የ2003 ነገር ብዙ ያስተምራል። ቀይ ቀበሮ ወደ ቆላ አይወርድም፤ ውሻ ግን ሰው በሄደበት ሁሉ ስለሚሄድ ከቆላ እስከ ውርጭ አገሩ ነው። ከእረኛና ከከብት ጋር ወደ ወብ ሸለቆ የወጣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮዎቹ አስገባ፤ በሸለቆው ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ከሦስት አራተኛ የማያንሱት አለቁ። ለቀበሮው የተዘጋው ቁልቁለት ለቫይረሱ ክፍት በር ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን ይበልጥ ይገርመኛል። የወብ ሸለቆ ቀበሮዎች ከሳነቴና ከሞረባዋ ቀበሮዎች ጋር የሚገናኙት በጥቂት ጠባብ መተላለፊያዎች በኩል ነው። ባለሙያዎቹ የባሌን ቀበሮ ሁሉ ለመከተብ ጊዜም አቅምም ስላልነበራቸው፣ ሰባ ያህል ቀበሮዎችን፣ በተለይ በእነዚህ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን፣ እየያዙ ከተቡ። ቀበሮው እንደ ወትሮው ያልፋል፤ በሽታው ግን የሚያሳልፈው አጥቶ ይቆማል። ወረርሽኙም ከወብ አካባቢ ሳይስፋፋ ተገታ። ሰው በተራራ ላይ ግንብ ሳይሠራ፣ ሽቦ ሳይዘረጋ፣ ለአንዱ ክፍት ለሌላው ዝግ የሆነ አጥር በመርፌ አቆመ። የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያዎች መተላለፊያ ይከፈት ሲሉ ስሰማ ይህን አስታውሳለሁ፤ መተላለፊያ ቀበሮውን ብቻ መርጦ አያሳልፍም።

ስለ ቆላ ፍጥረት ሲወራ ነገሩ ይገለበጣል። ለደጋ እንስሳ ቆላው አጥር እንደሆነ ሁሉ፣ ለወባ ደግሞ ደጋው አጥር ነበር። የደጋ ገበሬ ለም የቆላ መሬት ከታቹ እያየ ወርዶ የማይሰፍረው፣ ቢያርስ እንኳ ማታ ወደ ደጋ ተመልሶ የሚያድረው ንዳድን ፈርቶ ነው። ይህ አጥር የቆመው የት እንደሆነ ሳውቅ ተደነቅሁ፤ በትንኟ ሆድ ውስጥ ነው። ትንኟ በሽተኛ ሰው ነክሳ ተሕዋሲውን ብትወስድም፣ ተሕዋሲው በውስጧ አድጎ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ የሚፈጅበት ጊዜ የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው። ገዳይ የሆነው የወባ ዓይነት በ25 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይደርሳል፤ በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለው መካከል ደግሞ ጭራሹን ይቆማል። ትንኝ ዕድሜዋ አጭር ነው። በደጋ ቅዝቃዜ ተሕዋሲው ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች። ስለዚህ ትንኝ ደጋ ላይ ብትገኝም ወባ የለም ማለት ይቻል ነበር። አጥሩ ሩጫ ነው፤ በትንኟ ዕድሜና በተሕዋሲው ዕድገት መካከል የሚደረግ ሩጫ።

ሩጫ በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ይቀየራል። በ1958 ዝናቡ በዝቶ፣ አየሩም ከወትሮው ሞቆና ረጥቦ በነበረበት ወቅት፣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው የአገራችን ክፍል ውስጥ ገብቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና መቶ ሃምሳ ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። የደጋ ሰው በሽታውን ስላልለመደ ሰውነቱ የሚመክትበት አቅም አልነበረውም። ያኔ አጥሩ ለአንድ ወቅት ተከፍቶ ተመልሶ ተዘጋ። በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ በቢሾፍቱ አካባቢና በኮሎምቢያ ተራሮች የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን ከፍታ ከየዓመቱ ሙቀት ጋር አስተያይቶ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ቀዝቃዛ በሆኑት እንደሚመለስ አሳየ። የቢሾፍቱው መዝገብ ከ1993 እስከ 2005 ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ነው። እኔን ያሳሰበኝ የመውጣቱ ነገር ብቻ አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ የሚኖረው በደጋውና በወይና ደጋው ስለሆነ፣ አጥሩ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ ሲገፋ የሚያገኘው ባዶ ተራራ ሳይሆን የተጨናነቀ መንደር ነው።

በዚህ ላይ ሌላ በር ከሌላ አቅጣጫ ተከፍቷል። በደቡብ እስያና በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት የነበረችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የእኛዎቹ ትንኞች የዝናብ ኩሬ ስለሚፈልጉ ከተማና በጋ አጥር ይሆኑባቸው ነበር። ይህቺ ግን በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትፈለፈላለች። በ2022 ድሬዳዋ በደረቁ ወራት ወባ ሲቀጣጠል ምክንያት ሆና የተገኘችውም እርሷ ናት። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እኛው በየግቢያችን ያቆምነው ማጠራቀሚያ የበጋውን አጥር አፈረሰው።

የአጥር መለወጥ ሁሉ ከሙቀት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ከርዕሴ ዓባይም አልወጣም። የሱዌዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ተገናኙ፤ የቀይ ባሕር ፍጥረት ግን በአንድ ጊዜ አልጎረፈም። በመንገዱ ሁለት አጥር ነበረበት። የመጀመሪያው ቦዩ የሚያቋርጣቸው መራራ ሐይቆች ናቸው፤ ወለላቸው በወፍራም ጨው የተነጠፈ ስለነበር ውሃቸው ለአብዛኛው ዓሣ የማይቻል ሆኖ ቆይቷል፤ ጨዉ ሟሙቶ እስኪቀንስ አሥርተ ዓመታት ወሰደ። ሁለተኛው አጥር የመጣው ከእኛ ነው። በየዓመቱ ክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ደራሽ ግብፅን አቋርጦ ባሕር ሲገባ፣ ጨው አልባው ውሃ በቦዩ አፍ ፊት ለፊት እንደ መጋረጃ ይዘረጋ ነበር። በጨው ባሕር ያደገ ፍጥረት ያን መጋረጃ ለማለፍ ይቸገራል። በ1960ዎቹ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ደራሹን ሲይዘው መጋረጃው ተነሣ። ዛሬ በእስራኤል፣ በሊባኖስ፣ በቆጵሮስና በቱርክ ዳርቻ የቀይ ባሕር ልጆች የሆኑ ዝርያዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ከእነርሱም መካከል የባሕሩን አረም ግጦ ድንጋዩን ራቁቱን የሚያስቀረው ዓሣ፣ ሲደነግጥ እንደ ፊኛ የሚነፋው ሌላ መርዘኛ ዓሣም አሉ። ባሕሩ እየሞቀ መሄዱ ደግሞ ለገቡት ቤቱን አመቻቸላቸው። ግድቡን የሠሩት መሐንዲሶች የዓሣ በር እየከፈቱ እንደሆነ አስበው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ የጎጃም ክረምት የሜዲትራኒያን ዘበኛ እንደነበረም እኛ አናውቅም ነበር።

ወደ ደጋው ልመለስ። ከላይ ያልሁት ሁሉ ሙቀቱ ወደ ላይ ሲገፋ ፍጥረቱም ወደ ላይ መውጣት የሚችል እንደሆነ ታሳቢ ያደረገ ነው። ጅብራን ተመልከቱ። ለብዙ ዓመታት በአንድ ቦታ ቆማ ታድጋለች፤ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ያን ረጅም አበባዋን አውጥታ ትሞታለች። እንዲህ ያለች ተክል ሽሽት የምታውቀው በልጆቿ ብቻ ነው፤ ልጆቿም የሚያርፉት ዘሯን ነፋስ ባደረሰበት ነው። በ2016 የታተመ በስሌት የተደገፈ ትንበያ፣ በከፋው የሙቀት ግምት እስከ 2080 ድረስ ለጅብራ ምቹ ከሆነው የአሁኑ መሬት አምስት በመቶ እንኳ እንደማይተርፍ አመልክቷል። ትንበያ ትንበያ ነው፤ የቁጥሩን ልክነት ልምል አልችልም፤ አቅጣጫው ግን ከተራራው ቅርጽ የሚነበብ ነው።

ገበሬውም በዚያው ተራራ ላይ ነው። ገብስ በስሜንና በጮቄ ከ3,500 ሜትር በላይ ይታረሳል። መሬት የጠበበው ወጣት፣ የአየሩ መሞቅ ቀድሞ ውርጭ ይመታው የነበረውን ማሳ የሚታረስ ሲያደርግለት፣ አይረስ የሚል ፍርድ ለመስጠት አልደፍርም። ይሁን እንጂ ቀበሮው ከታች ሙቀቱ ሲገፋው ከላይ የሚያገኘው ማረሻውን ነው። የፓርክ ካርታ ደግሞ በአንድ ወቅት ይሠመራል፤ በ1969 የተከለለው የስሜን ፓርክ ወሰኑ በኋላ ሰፍቶለታል፤ ሁሉም ተራራ ግን ስሜን አይደለም፤ የሚሰፋበት ከፍታ ያለው ጥቂቱ ነው።

ጮቄ ለዚህ የሚያሳዝን ማስረጃ ነው። ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን በስተቀኙ የሚያየው ያ ተራራ ከ4,000 ሜትር ብዙም አይዘልም። ዓባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ስለሚዞረው፣ ጮቄ ለደጋ እንስሳ ደሴት ውስጥ ያለ ደሴት ነው። ቀይ ቀበሮ ነበረበት፤ ዛሬ የለም። በሌላ አገር ተራራ ላይ ዘር ሲጠፋ ከጎረቤት ተራራ የሚመጣ ሌላ ይኖራል፤ ወደ ጮቄ የሚመጣው ግን መጀመሪያ ያን የጋቢ ማውለቂያ ገደል መሻገር አለበት። አየሩ በሦስት ዲግሪ ቢሞቅ ዛሬ 3,500 ሜትር ላይ ያለው መስመር 4,000 ሊደርስ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀረው የጮቄ አናት ከአንድ ሠፈር ዳገት አይበልጥም።

ቀይ ቀበሮን በሰው እጅ፣ በመኪና አሻግሮ ወደ ጮቄ ስለመመለስ የሚያነሡ አሉ። እኔ ሐሳቡን አልጠላውም፤ ነገር ግን ከብዛታቸው የተነሣ ከባሌ ይምጡ መባሉ አይዋጥልኝም። የባሌው ቀበሮ በግዙፍ ፍልፈል ላይ ያደገና ከሰሜኖቹ በብዙ ሺህ ዓመት የተለየ ነው። የሚቀርበው ዘመድ የወሎውና የመንዙ ነው፤ የእነርሱም ቁጥር ከዚያ ላይ ለማንሣት የሚበቃ አይደለም። ጮቄ ላይ ያለው ውሻ ሳይከተብ፣ የቀረው የጓሳ ሜዳም ሳይከለል ቢመጡ ደግሞ የወብ ሸለቆ ታሪክ ይደገማል። ስለዚህ ለጊዜው የምደግፈው ቀበሮውን ማሻገር ሳይሆን ውሻውን መከተብ ነው።